የኤሌክትሪክ ሳይክል ለሀዲያና ለከምባታ ዳገት፦ ማስገጠም ወይስ ተሠርቶ የመጣውን መግዛት?

በሆሳዕና፣ በአንጋጫ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሀደሮ መካከል ያለው አገር ሜዳው ጥቂት፣ ዳገቱ ብዙ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአምበሪቾ ተራራ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ መሬቱ እየተዳፋ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። በሐዋሳና በባሕር ዳር ጎዳናዎች ሳይክል እንደልቡ ሲሄድ እዚህ ዳገቱ ያስቆመዋል። ከሀደሮ ዙሪያ ዝንጅብል፣ ከጓሮ ቆጮና ቡላ ጭኖ ገበያ የሚወጣ ሰው አህያውን ወይም ባጃጁን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የባጃጁ መንገድ ግን እየተወደደ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያ በፊት በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከፍታውም ራሱ ለኤሌክትሪክ ያደላል። የቤንዚን ሞተር አየር እየሳሳ ሲሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በ2,200 ሜትር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለማቃጠል አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። ስለዚህ ባለ ሞተር ሳይክል ለዚህ አገር ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ያልተመለሰው፣ ሰው ያለውን ሳይክል ሞተር ያስገጥምለት ወይስ ፋብሪካ ሠርቶ የላከውን ይግዛ የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በዋጋ ይጀምራል፤ እንዲህ ያደረገውም ሁልጊዜ ተሳስቷል አይባልም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ለሚኖርና በዱራሜ ለሚኖር ገዢ ተመሳሳይ ዋጋ ተመሳሳይ ዕቃ አይገዛም። በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚሸጡ፣ የሚጠግኑ፣ ባትሪ የሚያከራዩና የሚለውጡ ድርጅቶች እየበዙ ነው። በሺንሺቾ ወይም በሀደሮ የሚኖር ሰው ግን ዕቃው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያገኘው ጎሚስታውን፣ በያጁን፣ የባጃጅ ኤሌክትሪሺያኑንና ሬዲዮ ጠጋኙን ነው። በመሆኑም እዚህ መታየት ያለበት ሳይክሉ በሚቆምበት ቀን ምን ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረውም በዚህ መለኪያ ማስገጠም እንደሚበልጥ ነው፤ ሆኖም ፍሬኑና ባትሪው በግምት የሚታለፉ ከሆነ ብልጫው ይቀርና ወደ አደጋ ይለወጣል።

ማስገጠም ማለት ምን እንደሆነ እንይ። ዕቃው በአራት ይከፈላል፦ ሞተር፣ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ባትሪ፣ በመሪው ላይ የሚታሰር ማዘዣ። ሞተሩ ከሁለት ቦታ በአንዱ ይገባል። አንደኛው የጎማው መሐል ነው፤ ራጂዎቹ የሚታሰሩበት ክብ ብረት ራሱ ሞተር ይሆናል። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን በኋላ ጎማ መሐል ሞተር ላለው ባለ ባትሪ ሳይክል የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1895 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለተኛው ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ነው። እዚህ የገባ ሞተር ጉልበቱን በካቴናው በኩል ስለሚያስተላልፍ የሳይክሉን ማርሽ ይጠቀማል፤ በቀላል ማርሽ ረጅም ዳገት ሳይጨነቅ ይወጣል። ለከምባታ ዳገት የተፈጠረ የሚመስለው ይኸኛው ነው፤ ችግሩ ካቴናንና ጥርስን ቶሎ መብላቱ፣ ማርሽ የሌለው ሳይክል ላይ ጥቅሙ መጥፋቱ፣ የፔዳሉ ማለፊያ ቀዳዳም በተለመደው የ68 ሚሊ ሜትር ልክ ያልተሠራ አሮጌ ሳይክል ላይ አልገባም ማለቱ ነው። በጎማ መሐል ከሚገቡት ውስጥ ደግሞ በውስጣቸው የሚቀንሱ ጥርሶች ያሏቸው ትንንሾቹ ከከባዶቹ ጥርስ አልባ ሞተሮች ይልቅ ለዳገት ይመቻሉ። አብዛኛው የዚህ አካባቢ ሳይክል ካለበት ሁኔታ አንጻር በኋላ ጎማ የሚገባው ባለ ጥርስ ሞተር ነው የተሻለው ምርጫ። የፊት ጎማው ላይ መግጠም ቀላል ቢሆንም ጎማውን የያዘው ሹካ ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ አይሞከርም፤ ሞተሩ ዘንጉን ሲጠመዝዝ ሹካውን ሊሰብረው ይችላል። ብረት ሹካ ይሻላል፤ በኋላም ሆነ በፊት ግን ዘንጉ እንዳይዞር የሚይዝ ተጨማሪ ብረት መታሰር አለበት። ይህን ብረት መቁረጥና መግጠም ማንኛውም ጎበዝ በያጅ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ዳገቱ ከሞተሩ ምን እንደሚጠይቅ በስሌት ማየት ይቻላል፤ ይህን ስሌት የጨረሰ ገዢ ሻጭ በቀላሉ አያታልለውም። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 25 ኪሎ ጭነትና 20 ኪሎ ሳይክል በአንድ ላይ 110 ኪሎ ይሆናሉ። ይህን ክብደት ቀጥ ብሎ 100 ሜትር ከፍታ ለማውጣት 30 ዋት-ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል፤ በሞተሩና በመቆጣጠሪያው ውስጥ ወደ ሙቀት ተቀይሮ የሚባክነው ሲጨመር ባትሪው ከ40 ዋት-ሰዓት በላይ ይሰጣል። ባለ 10 ዋት አምፖል ከአራት ሰዓት በላይ የሚያበራ ኃይል ነው። ባለ 36 ቮልትና ባለ 10 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ ነጂው ምንም ሳይረግጥ እንዲህ ያለውን ዳገት ስምንት ጊዜ ያህል አውጥቶ ያልቃል። በሜዳ ላይ፣ ሰውየው እየረገጠ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ በኮብልስቶንና በፒስታ መንገድ ወደ 15 ከፍ ይላል። ፍጥነቱንም እንይ። በ100 ሜትር ርቀት 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት በ15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከ400 ዋት በላይ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ሕግ ለሳይክል የተፈቀደው ባለ 250 ዋት ሞተር ከሰው እግር ከሚገኘው 100 ዋት ጋር ተደምሮ ይህን አይሞላም፤ ፍጥነቱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ሞተሩም በዝግታ ሲጎትት እየጋለ ይሄዳል። እንግዲህ «ይህ ሞተር ማንኛውንም ዳገት ያወጣል» የሚል ሻጭ ስንት ኪሎ ጭነትና ምን ያህል የቆመ ዳገት እንደሆነ ካልነገረ ምንም አልነገረም። ቁልቁለት ላይ ባትሪው መልሶ ይሞላል የሚለውም ተስፋ ብዙ አያዋጣም፤ ባለ ጥርሶቹ ትንንሽ ሞተሮች ቁልቁለት ላይ ዝም ብለው ስለሚንከባለሉ ምንም አይመልሱም።

አሁን ወደ ፋብሪካው ሳይክል እንምጣ። በዓለም ላይ ካሉት የኤሌክትሪክ ሳይክሎች አብዛኞቹ የሚገኙት በቻይና ነው። እዚያ በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ ደረጃ አንድ የኤሌክትሪክ ሳይክል በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር፣ ከ400 ዋትና ባትሪውን ጨምሮ ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። የክብደቱን ጣሪያ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለሰፊና ለሜዳማ ከተማ ጎዳና፣ በየመንገዱ ጠጋኝና ባትሪ መሙያ ላለበት አገር የተሠራ ዕቃ 50 ኪሎ ቢመዝን ጉዳት የለውም። በአንጋጫ ዳገት ወገብ ላይ ባትሪው ያለቀበት 50 ኪሎ ዕቃ ግን ፔዳል ቢኖረውም አይረገጥም፤ ይገፋል። ሞተር የተገጠመለት ተራ ሳይክል ከ22 እስከ 25 ኪሎ ያህል ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ከባድ ሳይክል ይሆናል እንጂ ሳይክልነቱን አይተውም። ይህ በመብራት መቆራረጥ ለሚፈተን አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ኃይሉ አለ። ሆኖም በአሮጌ ምሰሶና ትራንስፎርመር በኩል ወደ ገጠር ከተማ የሚደርሰው መብራት ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። ትናንት ማታ መብራት የጠፋበት መምህር ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት መድረስ አለበት፤ የሚያደርሰው እግሩ የሚያንቀሳቅሰው ሳይክል ነው።

ስለ ብልሽት ስናስብ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ከእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው ሞተሩ አይደለም፤ ውኃ የገባበት የሽቦ መገናኛ፣ የተቃጠለ መቆጣጠሪያ፣ የተሰበረ ማዘዣና ያረጀ ባትሪ ናቸው። በክረምት ጭቃና ዝናብ እየታጠበ የሚሄድ ሳይክል ላይ ይህ ሳይደርስ አይቀርም። ለብቻ የሚሸጠው መግጠሚያ ዕቃ የተሠራው ባለሙያ እንዲፈታውና እንዲገጥመው ታስቦ ነው፤ መቆጣጠሪያው ቢቃጠል የቮልቱንና የአምፒሩን ልክ ጠብቆ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ መቆጣጠሪያ መተካት ይቻላል። የባጃጅ ሽቦ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ለመረዳት ዓመት አይፈጅበትም። በፋብሪካ ተሠርተው በሚመጡ በርካታ ሳይክሎች ግን ማሳያው፣ መቆጣጠሪያውና ባትሪው በራሳቸው ምስጢራዊ ቋንቋ ስለሚነጋገሩ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ አይቀበሉም። ባትሪውም ለዚያ ሳይክል ብቻ በተቀረጸ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። አስመጪው ያንን ሞዴል ማምጣት ያቆመ ዕለት ሳይክሉ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዕድሜው ያልቃል።

በገንዘብ በኩል ሁለቱም የውጭ ምንዛሪ ልጆች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወዷል፤ መግጠሚያውም ፋብሪካ የሠራውም ሳይክል ከዚህ አላመለጡም። ልዩነቱ ከውጭ የሚመጣው ድርሻ ላይ ነው። የሚያስገጥም ሰው ሳይክሉን ቀድሞ ሊኖረው ይችላል፤ ጎማውን መወጠር፣ ብየዳውና ሽቦው ደግሞ በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ጉልበት ነው። ከዚህም በላይ ሥራውን በየደረጃው መክፈል ይቻላል፦ በዚህ ዕጣ ፍሬንና ጎማ፣ በሚቀጥለው የዕቁብ ዕጣ ሞተር፣ ከዚያ ባትሪ። ፋብሪካ የሠራው ሳይክል በአንድ ቀን ሙሉ ዋጋው ይጠየቃል። መንግሥትም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ያወጣው የቀረጥ ማበረታቻ ሙሉ ለሙሉ ተፈትቶ የሚመጣውን ከተገጣጠመው በተሻለ ሁኔታ ያየ ነበር፤ ያ ውሳኔ ስለ መኪና ቢሆንም በአገር ውስጥ መገጣጠም እንደሚጠቅም የተያዘውን አመለካከት ያሳያል።

ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ግን ሌላ የገንዘብ ምንጭ አለ፤ ደቡብ አፍሪካና ሌላ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት። «ወንድሜ ሲመጣ ይዞልኝ ይምጣ» የሚለው ሐሳብ ለሞተሩ ይሠራል፤ ለባትሪው አይሠራም። በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ሕግ መሠረት ከ160 ዋት-ሰዓት የሚበልጥ የሊቲየም ባትሪ መንገደኛ በእጁም ሆነ በሻንጣው ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መግባት አይችልም። ከላይ የጠቀስነው ትንሹ የሳይክል ባትሪ ከዚህ ገደብ በእጥፍ ይበልጣል። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ዕቃ ገዝተው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ባትሪውን የሚተዉ ሰዎች ገንዘባቸውን ያጣሉ። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩን፣ መቆጣጠሪያውንና ማዘዣውን ከዘመድ መቀበል፣ ባትሪውን ግን በጭነት ካስገባ ነጋዴ አገር ውስጥ መግዛት ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከማዘዝ በፊት አገር ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ባትሪ ስንት ቮልት እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። ለዚህ ባለ 36 ቮልት ዕቃ አንድ መጠባበቂያ አለው፤ ለሶላርና ለኮምፒውተር የሚሸጡትን ባለ 12 ቮልት ሦስት የእርሳስ ባትሪዎች በተከታታይ በማገናኘት መሥራት ይችላል። ባለ 12 አምፒር-ሰዓት ከሆኑ ሦስቱ በአንድነት 12 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ዕድሜያቸውም ከሊቲየም በጣም ያጥራል፤ ሆኖም ቋሚ ባትሪ እስኪገኝ ሳይክሉ አይቆምም።

በማስገጠም ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ሁሉ ከባዱ የፍሬን ጉዳይ ነው፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። ፋብሪካ የሠራው የኤሌክትሪክ ሳይክል ፍሬኑ፣ ቸርኬውና አካሉ ከሞተሩ ክብደትና ፍጥነት ጋር አብረው ታስበው ተሠርተዋል። አሮጌው ሳይክል ግን ለሰው እግር ፍጥነት ነው የተሠራው። ፍጥነት ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን ማስቆም ያለበት ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ዳገቱን ለመውጣት የዋለው 30 ዋት-ሰዓትም ቁልቁለቱ ላይ አብዛኛው በፍሬን ሸራውና በቸርኬው ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዘንግ የሚሳብ አሮጌ ፍሬን በዝናብ ቀን ይህን አይችልም። የተቃውሞው መልስ ማስገጠሙን መተው ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። የመጀመሪያው ብር ለሞተር አይወጣ፤ ለፍሬን ይውጣ። ሳይክሉ በዲስክ ፍሬን የሚሠራ ወይም ቢያንስ ጎማ ሸራ በቸርኬው ግራና ቀኝ የሚጨብጥ ጠንካራ ፍሬን ያለው መሆን አለበት፤ የቸርኬው ራጂ የላላ፣ አካሉ የተበየደ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ለሞተር አይሆንም። ሞተሩም ፍሬን ሲጨበጥ ራሱን የሚያጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ይሁን። እንዲህ ያለ ሳይክል የሌለው ሰው በመጀመሪያ ጥሩ ፍሬንና ማርሽ ያለው ተራ ሳይክል ቢገዛና በኋላ ሞተር ቢያስገጥም ከሁለቱም ወገን ጥቅም ያገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ እሳት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተማዋም ደረጃቸው ያልተረጋገጠ የኤሌክትሪክ ሳይክሎችና ባትሪዎች እንዳይሸጡ ሕግ አውጥታለች። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ የሚገጠም ዕቃ ሁሉ አደገኛ፣ ፋብሪካ የሠራው ሁሉ ደኅና አድርጎ ይደመድማል። አደጋው ያለው ግን ባትሪው ውስጥ ነው፤ የፋብሪካው ሳይክልም ባትሪው ርካሽ ከሆነ እሳት ሊይዝ ይችላል። የማስገጠም ልዩ ፈተና ሰው በዋጋ ተፈትኖ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን ያስበየደ ባትሪ መግዛቱ ወይም ባገኘው ቻርጀር መሙላቱ ነው። በዚህ ላይ መደራደር አያስፈልግም፤ ባትሪው በፋብሪካ የታሸገ፣ ከመጠን በላይ መሞላትን የሚያስቆም መቆጣጠሪያ ያለው፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር የተሸጠ ይሁን። ከተገኘ ደግሞ የብረት ፎስፌት ሊቲየም ይመረጥ፤ ክብደቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ከሌላው ይልቅ እሳት የመያዝ ጠባዩ ያነሰ፣ ዕድሜውም የረዘመ ነው። በሣር ክዳን ቤት ለሚኖር የገጠር ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት፣ ግድግዳው እንጨት፣ ክዳኑ ሣር በሆነ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ አይገባም። ባትሪው ተፈትቶ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ከቤቱ ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ ይሞላ። ከሶኬት የሚወስደው ግማሽ ኪሎ ዋት-ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሰዓቱም ጥቂት ስለሆነ ሌሊቱን ማስረዘም አያስፈልግም።

ሦስተኛው የዋስትና ጉዳይ ነው። ተሠርቶ የመጣውን የገዛ ሰው የዋስትና ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያስገጠመ ሰው ግን ማንን ይከስሳል? ዋስትና ጥሩ ነገር ነው፤ ጥሩ የሚሆነው ግን ሻጩ ባለበት ከተማ ነው። ሳይክሉን በአይሱዙ ጭኖ ከዱራሜ አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ፣ ተጠግኖ እስኪመለስ ሳምንታት የሚጠብቅ ሰው ዋስትናውን ለማስከበር የሚያወጣው ወጪ ከጥገናው ይበልጥበታል። የገጠመለት ባለሙያ ግን ጎረቤቱ ነው፤ ነገ ገበያ ላይ ያገኘዋል፤ ሥራው የተበላሸበት ሰው እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ ዋስትና ቢሆንም በእነዚህ ከተሞች ከተጻፈው ይልቅ ይከበራል። ለዚህ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የሙያ ኮሌጆች ሞተር ሳይክልና ሽቦ ሥራ ለሚማሩ ወጣቶች ይህን ሥራ ቢያስተምሩ ብዙ ዕቃ አይጠይቃቸውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ተሠርቶ የመጣውን መግዛት የሚሻልበት ሁኔታ አለ። በሆሳዕና የሚኖር፣ ሥራው ከከተማው የማይወጣ፣ ሳይክል ጭራሽ የሌለውና ሻጩ እዚያው ከተማ መለዋወጫና ጠጋኝ ያለው ሰው በፋብሪካ የተሠራውን ቢገዛ አይሳሳትም። ፍሬኑ ጥሩ ነው፤ ባትሪው ከአካሉ ጋር ተስማምቶ ተቀምጧል፤ መገጣጠም የለበትም። ከመክፈሉ በፊት ግን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ባትሪው ለብቻው ዛሬ ሱቁ ውስጥ ይሸጣል? መቆጣጠሪያው ቢቃጠል በሌላ ይተካል? ባትሪው ወጥቶ ሳይክሉ ባዶውን ዳገት ይረገጣል? ሦስተኛውን መልስ ከሻጩ አፍ አይቀበል፤ ባትሪውን አስወጥቶ በአቅራቢያው ያለውን ዳገት ራሱ ይሞክረው።